ኤምሬትስ ባሕር ውስጥ ያሉት ዶልፊኖች ምን ዓይነት ናቸው? ያያችሁ ኑ

እንዳለ_አቡዳቢ | ቅዳሜ ከሰዓት

ሰላም ቤቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ዛሬ ማለዳ አንድ ፊሊፒኖ የሥራ ባልደረባዬ ዓሣ እናጥምድ ብሎ በጀልባ ይዞኝ ወጣ። ፈቃድ አለው፣ አትጨነቁ። ከሳዲያት ደሴት ብዙም ሳንርቅ ሞተር አጥፍተን፣ ክር ጥለን ቁጭ ብለናል። በመሀል አራት ወይም አምስት የሚሆኑ ግራጫ ነገሮች ከጎናችን ብቅ ጥልቅ ማለት ጀመሩ። ሻርክ መስሎኝ እጄን ከጀልባው ጠርዝ ላይ ሰበሰብኩ። ልጁ ቀና ብሎም አላያቸው። «ዶልፊን ናቸው፣ ሁሌም እዚህ አሉ» ብሎ ወደ ክሩ ተመለሰ።

እኔ የማውቀው ዶልፊን በቲቪ ሲገለባበጥ ነው። እነዚህ አንዴም አልዘለሉም። መጀመሪያ ረጅም አፋቸው በሰያፍ ይወጣል፣ ከዚያ ጀርባቸው ቀስ ብሎ ይከተላል። ጀርባቸው ላይ ደግሞ የበሬ ሻኛ የሚመስል ነገር አለ። ክንፏ ትንሽዬ ናት፣ ሻኛው ላይ ጉብ ብላለች። ስልኬን እስካወጣ ሄዱ፤ ያገኘሁት የአንዱን ጀርባ ብቻ ነው።

ምንድን ናቸው? እዚህ አገር ባሕር ውስጥ ስንት ዓይነት ነው ያለው?

ቢኒ_ዴራ | ቅዳሜ ከሰዓት

ሻኛ ያለው ዶልፊን? ለቁርጥ ነዋ! ሚጥሚጣ ይዤ ልምጣ?

ሊድያ_ባሕር | ቅዳሜ ማታ

ቢኒ፣ ሚጥሚጣህን ቤትህ አስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 23 የባሕር አጥቢዎችን ማጥመድ ይከለክላል።

እንዳለ፣ ፎቶ ባይኖርህም ገለጻህ በቂ ነው። አፉ ቀድሞ በሰያፍ ከወጣ፣ ክንፉም ሻኛ ላይ ከተቀመጠች ሌላ ሊሆን አይችልም። የሕንድ ውቅያኖስ ባለ ሻኛ ዶልፊን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሱሳ ፕሉምቢያ ይባላል። ከደቡብ አፍሪካ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በቀይ ባሕር፣ በዓረብ አገሮች ዳርቻ አድርጎ እስከ ሕንድ ይገኛል። ግን የትም ቦታ ቀጭን መስመር ይዞ ነው የሚኖረው። ከባሕር ዳርቻ አይርቅም። ጥልቀቱ ከ25 ሜትር በታች የሆነ ውኃ ነው የሚወደው። ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ያለበት ሰርጥ፣ የባሕር ሣር፣ በደሴቶች መሀል ያለ መተላለፊያ፣ ቤቱ እሱ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ይህ ዶልፊን በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው እንስሳት መዝገብ ውስጥ ነው። በብዙ አገር ሲቆጠር የሚገኘው በአሥሮች፣ ቢበዛ በጥቂት መቶዎች ነው። አቡዳቢ ውስጥ ግን የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ባስደረገው ጥናት 701 ያህል እንዳሉ ተገመተ። እስካሁን በጥናት ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ስብስብ ይኸው ነው። ፊሊፒኖው ጓደኛህ ቀና ብሎ ያላያቸው ሰዎች ሌላ አገር ገንዘብ ከፍለው፣ ሳምንት ጠብቀው የማያገኟቸውን ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰዉ ዶልፊን ለማየት ቲኬት ይቆርጣል። ኮርኒሹ፣ የባሕር ዳር መንገዱ ላይ ቆሞ ግን ወደ ሕንፃዎቹ ነው ሰልፊ የሚነሳው።

ማሜ_ጥርጣሬ | ቅዳሜ ማታ

ሊድያ፣ እኔ ያየሁት ቪዲዮ ላይ ባለ ሻኛው ዶልፊን ሮዝ ነበር። እንዳለ ግን ግራጫ ነው ያየው። እንዴት ነው ነገሩ?

ሊድያ_ባሕር | ቅዳሜ ማታ

ሮዙ የእነ ሆንግ ኮንግና የታይላንድ ነው። የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ሌላ ዝርያ ነው። የእኛ ሰፈሩ ሲያድግም ግራጫ እንደሆነ ይቀራል። ሻኛው ራሱ ትልቅ ሆኖ የሚታየው በእኛ ሰፈሩ ላይ ነው፤ የሩቅ ምሥራቆቹ እንደዚህ ጎልቶ አይታይባቸውም።

ካሌብ_ፉጃይራ | እሑድ ጠዋት

እኔ እዚህ ፉጃይራ ለመርከቦች ዕቃ የምታቀርብ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ባለ ሻኛ አይቼ አላውቅም። እኛ ጋ ያሉት ሌላ ናቸው።

ነዳጅ ለመሙላት ተራ የሚጠብቁት መርከቦች መልሕቅ ከሚጥሉበት አለፍ ስትሉ ውኃው ድንገት ይፈላል። መቶ ይሁን ሁለት መቶ፣ መቁጠር አይቻልም። ትንንሾች ናቸው፣ አፋቸው ቀጭንና ረጅም። አንዱ ይወጣል፣ አየር ላይ እንደ እንዝርት ሦስቴ አራቴ ይሾርና በጎኑ ጧ ብሎ ይወድቃል። እሱ ሳይጨርስ ሌላው ይነሳል። ካፒቴናችን ሕንዳዊ ነው፣ የኬራላ ሰው። እነሱን ሲያይ ዶልፊኖቹን ትቶ ወፎቹንና ከሥር ያለውን ውኃ ነው የሚያየው። ከሥራቸው ቱና ይኖራል ይላል። ዓሣ አጥማጆቹም እነሱን ተከትለው ነው የሚመጡት።

እውነት ነው ሊድያ? ወይስ የመርከበኛ ወሬ ነው?

ሊድያ_ባሕር | እሑድ ጠዋት

ካፒቴንህ ልክ ነው። ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና ከዶልፊን መንጋ ሥር አብሮ ይጓዛል። በኦማን ባሕርም፣ በሌላም ውቅያኖስ አጥማጆች ዶልፊን አይተው ነው ክር የሚጥሉት። ለዶልፊኑ ጥሩ ዜና አይደለም፤ ምክንያቱም መረብ ሲጣል ለቱናው ብቻ ተብሎ አይጣልም።

ያየሃቸው ስፒነር ይባላሉ። በአንድ ዝላይ እስከ ሰባት ጊዜ ሊዞሩ ይችላሉ። ለምን እንደሚሾሩ ብዙ ተብሏል። አንዱ ግምት ወድቀው የሚያሰሙት ድምፅ ለመንጋው መልእክት ነው የሚል ነው። ሌላው ገላቸው ላይ የሚጣበቀውን ሬሞራ የሚባል ዓሣ ለማራገፍ ነው ይላል። ምግባቸውን የሚያድኑት ማታ ነው፣ ጥልቅ ውኃ ላይ። ቀን ወደ ዳርቻ ጠጋ ብለው ያርፋሉ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ጀልባ አስነስቶ መሀላቸው የሚገባ ሰው እንቅልፍ ነው የሚነሳቸው።

እንዳለ ስንት ዓይነት አለ ብሎ ለጠየቀው መልሱ «የት ቆመህ?» የሚል ነው። ኤምሬትስ ሁለት ባሕር አላት። አንደኛው የአቡዳቢ፣ የዱባይ፣ የሻርጃ፣ የራስ አል ኻይማ ወገን ያለው ባሕረ ሰላጤ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 35 ሜትር አካባቢ ነው። በበጋ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ጨውነቱም ከውጭው ውቅያኖስ ይበልጣል። ይህን የሚችል ዶልፊን ብዙ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ባለ ሻኛውና የኢንዶ ፓሲፊክ ጠርሙስ አፉ ናቸው ማለት ይቻላል። ፊንለስ ፖርፖይዝ የሚባልም አለ፤ እሱ ግን በቤተሰቡ ዶልፊን አይደለም። ጀርባው ላይ ክንፍ የለውም። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ70 አይበልጥም። ጀልባ ሲሰማ ስለሚሸሽ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የካሌብ ባሕር ነው። ፉጃይራ፣ ኾር ፈካን፣ ካልባ፣ ዲባ። ከሆርሙዝ ሰርጥ ወጥተህ የኦማን ባሕረ ሰላጤ ላይ ነህ። እዚያ ከዳርቻው ራቅ ስትል ወለሉ ቁልቁል ይሄዳል፤ መሀሉ ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጥልቅ ውኃ ሲኖር ስኩዊድ የሚባለው ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ አለ፣ ስኩዊድ ሲኖር የውቅያኖስ ዶልፊን ሁሉ ይመጣል። ስፒነር፣ ረጅም አፍ ያለው ኮመን ዶልፊን፣ ትልቁ ጠርሙስ አፍ፣ ሪሶ። አልፎ አልፎ ሐሰተኛ ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚሉትም ይታያል፤ ስሙ እንዲህ ቢሆንም ዶልፊን ነው።

ማሜ_ጥርጣሬ | እሑድ ቀትር

እሺ፣ ሲዘሉ በሩቅ አንድ ናቸው። እኔ በምን ልለያቸው?

ሊድያ_ባሕር | እሑድ ቀትር

በጎናቸው። ኮመን ዶልፊን ጎኑ ላይ ሁለት ቀለም ይገናኛል፤ ከፊት ቢጫ የቀላቀለ፣ ከኋላ ግራጫ። መሀል ላይ እንደ ሸምበቆ ወገብ ቀጠን ብሎ ይጋጠማል። ስፒነር ሦስት ንጣፍ ነው፤ ላዩ ጥቁር፣ መሀሉ ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ። ሪሶን በጭራሽ አትስትም። አፉ ሹል አይደለም፣ ግንባሩ ድቡልቡል ነው። ገላው በሙሉ በነጭ ጠባሳ የተቸከቸከ ነው። ጠባሳው ከሌላ ሪሶ ጥርስና ከስኩዊድ የመጣ ነው። ሲያረጅ ነጭ እየሆነ ይሄዳል። ጠርሙስ አፍ ደግሞ ቲቪ ላይ የምታየው ነው፤ ክንፉ መሀል ጀርባው ላይ ወደ ኋላ ቆልመም ይላል። የእኛ ዳርቻው ትንሹ ዓይነት ሲያድግ ሆዱ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል።

የቀድሞው_ባሕር_ኃይል | እሑድ ማታ

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቤት ብዙ አልጽፍም፣ አነባለሁ እንጂ። ዶልፊን ስትሉ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ ወጣትነቴን የጨረስኩት ምፅዋ ነው። ያገለገልኩባት መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፣ የጎን ቁጥሯ A-01። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ስትሰጠን የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ያቺ ልጅ ሊድያ እንደምታውቀው ኦርካም የዶልፊን ወገን ነው፣ ያውም ትልቁ።

ማለዳ ከወደቡ ወጥተን ወደ ዳህላክ ስናቀና ይመጡ ነበር። ከመርከቧ አፍንጫ ሥር ይሰለፋሉ። ጎንበስ ብለህ ስታያቸው ጭራቸውን አያወዛውዙም። ግን ከመርከቧ እኩል ነው የሚሄዱት። አንዳንዱ በጎኑ ጋደም ብሎ ቀና ብሎ ያይሃል። ዓይን ለዓይን ትገጣጠማለህ። አለቃችን «ወደ ሥራ!» እስኪል ማንም ከዚያ አይነቃነቅም። እኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ጭራቸውን ሳያንቀሳቅሱ እንዴት ያን ያህል እንደሚሮጡ ነው።

ካሌብ_ፉጃይራ | እሑድ ማታ

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! ይጻፉልን እንጂ። የእኛ ጀልባ ላይ እንዲህ አይመጡም፣ ትንሽ ስለሆነች መሰለኝ። ትልልቆቹ ላይ ግን አይቻለሁ።

ሊድያ_ባሕር | ሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ ክብር ይስጥልኝ። መርከቧ ወደፊት ስትገፋ ከአፍንጫዋ በፊት ያለውን ውኃ ትጨምቀዋለች። ያ ግፊት ወደፊት የሚሄድ ማዕበል ይሆናል። ዶልፊኑ ሰውነቱን ልክ ቦታው ላይ አስተካክሎ ከገባ ውኃው ራሱ ይገፋዋል። ስለዚህ ጭራውን ማወዛወዝ አያስፈልገውም። መርከብ ከመፈጠሩ በፊት ይህን በትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች ፊት ያደርጉት እንደነበር ይገመታል፤ ዛሬም ያደርጉታል። ይጠቅማቸዋል፣ ጉልበት ይቆጥባል። ግን መንገዳቸው ባልሆነ አቅጣጫ ሁሉ ተከትለው ስለሚሄዱ ጨዋታም ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ዳህላክ ያነሱት ደግሞ ደስ አሰኘኝ። እ.ኤ.አ. በ1825 ሄምፕሪች እና ኤረንበርግ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ቀይ ባሕርን ሲያስሱ ዳህላክ ደሴቶች ጋ አንድ ዶልፊን አገኙ። ሄምፕሪች በዚያው ዓመት ምፅዋ ላይ ታሞ ሞተ። ኤረንበርግ በርሊን ተመልሶ በ1833 ለዶልፊኑ ሳይንሳዊ ስም አወጣለት፣ አዱንከስ አለው። የኢንዶ ፓሲፊክ ጠርሙስ አፍ የምለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው ከትልቁ ጠርሙስ አፍ ጋር አንድ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ሊቃውንቱ ለየብቻ ናቸው ብለው የተስማሙት ወደ 1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ ያንኑ በርሊን የተቀመጠውን አጽም አውጥቶ ዘረመሉን መረመረ። በእርግጥም ነጠብጣብ ሆዱ ዝርያ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ዛሬ ዱባይ ጁሜራ ዳርቻ የሚዋኘው፣ አውስትራሊያም ያለው፣ ሁሉም በስሙ የሚመሳከረው ከምፅዋ ፊት ለፊት በተገኘው በዚያ አንድ ዶልፊን ነው። እርስዎ ከመርከብ ላይ ዓይን ለዓይን የተያዩት የእሱ ዘመድ ሊሆን ይችላል።

የቀድሞው_ባሕር_ኃይል | ሰኞ ጠዋት

እንዲህ ነው እንጂ! ሠላሳ ዓመት በላይ ስደት ላይ ሆኜ ይህን ሳልሰማ። ተባረኪ ልጄ። ምፅዋ ያሉት ወንድሞቻችንም ይስሙት።

እሙ_ናቲ_ሻርጃ | ሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ልጄ ሰባት ዓመቱን ሊይዝ ነው፣ ለልደቱ ዶልፊን ካላየሁ እያለ ቤቱን አናውጦታል። ዱባይ ክሪክ ፓርክ ያለው ትርኢት ልውሰደው ወይስ በጀልባ? ባሕር ላይ ሳናያቸው ብንመለስ ልጁን ማን ያስታግሰዋል?

ቢኒ_ዴራ | ሰኞ ማታ

እሙዬ፣ ትርኢቱ ይሻላል። ኤሲ አለ፣ ወንበር አለ፣ ዶልፊኑ በሰዓቱ ይመጣል። ጀልባ ላይ ልጅ ያስመልሰዋል፣ ፀሐይ አለ፣ ገንዘብሽ ባሕር ገባ ማለት ነው። ልጁ ይደሰት፣ በቃ።

ካሌብ_ፉጃይራ | ሰኞ ማታ

እኔ አልስማማም። አንዴ ከጓደኞቼ ጋር ትርኢት አይቻለሁ። ኳስ ሲመታ አጨበጨብኩ፣ አልዋሽም። ነገር ግን ባሕር ላይ ሲሮጡ ካየኋቸው በኋላ ያ ገንዳ ጠበበኝ።

ሊድያ_ባሕር | ማክሰኞ ጠዋት

ወላጅን መውቀስ አልፈልግም። ልጅ ዶልፊን ልይ ማለቱ ራሱ ጥሩ ነው። ግን የምትከፍሉበትን ነገር እወቁት።

እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰሎሞን ደሴቶች 28 ዶልፊኖች ከባሕር ተይዘው በአውሮፕላን ወደ ዱባይ፣ አትላንቲስ ወደሚባለው ሆቴል መጥተዋል። ያኔ ዓለም አቀፍ ጫጫታ ነበር። ዝርያቸው ያ ከዳህላክ ስሙን ያገኘው፣ ከዚሁ ከዱባይ ዳርቻ በነፃ የሚኖረው ነው። ማለትም በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣው እንስሳ ዘመዱ ከአጥሩ ማዶ አለ። ዶልፊን በቀን አሥሮች ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የሚያየው በድምፅ ነው፤ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ይልክና የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። ግድግዳ ውስጥ ያን ማሚቶ መስማት ለእሱ ምን እንደሚመስል አስቡት።

የቢኒ አንዱ ነጥብ ግን እውነት ነው፤ ባሕር ላይ ዋስትና የለም። ለልጁ ከመነሳትሽ በፊት ንገሪው፣ «ልናያቸው እንሄዳለን» ሳይሆን «ልንፈልጋቸው እንሄዳለን» በይው። ልጆች መፈለግ ይወዳሉ።

ቢኒ_ዴራ | ማክሰኞ ጠዋት

እሺ መምህርት። አጥሩ ማዶ ያልሽው ነገር አስቆጨኝ። ኤሲው ግን አለ አይደል፣ አልዋሸሁም።

ማሜ_ጥርጣሬ | ማክሰኞ ከሰዓት

ሙሰንደም ሂዱ! የኦማን ክልል ነው፣ ከራስ አል ኻይማ ቀጥሎ። ኸሰብ ከተማ ላይ ምንጣፍና መከዳ የተነጠፈባት ዳው የምትባል የእንጨት ጀልባ ላይ ትወጣላችሁ። ኾር አሽ ሻም የሚባል በተራራ የተከበበ ሰርጥ ውስጥ ስትገቡ ይመጣሉ። ሠራተኞቹ ማፏጨትና ማጨብጨብ ይጀምራሉ። ዶልፊኖቹ ሰምተው ይሁን ጀልባዋን ወደው አላውቅም፣ ግን ተጠግተው ይሮጣሉ። ለእሙ ናቲ ፍጹም ነው፤ ሰርጥ ውስጥ ስለሆነ ማዕበል የለም።

አንድ ነገር ብቻ። ድንበር ስለምትሻገሩ በእኛ ፓስፖርትና በእናንተ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ዓይነት ቪዛ እንዴት እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች ከነምሳቸው ከድንበር ተመልሰዋል።

ሊድያ_ባሕር | ማክሰኞ ማታ

ማሜ ጥሩ ቦታ ጠቁሟል። እዚያ ሰርጥ ውስጥ ባለ ሻኛውም ጠርሙስ አፉም አሉ፣ የእንዳለን ጓደኞች በቅርብ ማየት ይቻላል። ግን ጀልባችሁ ሲያሳድዳቸው፣ ሌላ ሦስት አራት ጀልባ ከቦ ሲያጣድፋቸው ካያችሁ ካፒቴኑን «ቀስ በል» በሉት። የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ጥሩ ካፒቴን ከጎናቸው ትይዩ ሆኖ በዝግታ ይሄዳል። ግልገል ያለበት መንጋ ከሆነ ደግሞ ይርቃል።

እንዳለ_አቡዳቢ | ረቡዕ ምሳ ሰዓት

ወገኖች፣ የከፈትኩት ወሬ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም። ሊድያ፣ 701 አሉ ካልሽ ብዙ አይደሉም እንዴ? አደጋው ምኑ ላይ ነው?

ሊድያ_ባሕር | ረቡዕ ማታ

701 ሰው አንድ መካከለኛ ሠርግ ላይ ይገኛል። ለአንድ ዝርያ ትልቁ ስብስብ ይህ ከሆነ ሌላው ቦታ ምን ያህል እንደቀነሰ አስበው።

በአየር ላይ በተደረገ ቆጠራ በኤምሬትስ ባሕር ያሉ ዶልፊኖች እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1999 ባለው ጊዜ በ71 በመቶ መቀነሳቸው ተመዝግቧል። ያ ሁሉንም ዝርያ አንድ ላይ አድርጎ ነው። ባለ ሻኛዋ ሴት በአማካይ በሦስት ዓመት አንድ ግልገል ነው የምትወልደው፤ ለመውለድ የምትደርሰውም አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው። ስለዚህ አንዴ ከቀነሱ መልሶ መተካት የትውልድ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ስፒነር ቢጨንቀው ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ባለ ሻኛው የሚሄድበት የለውም። የሚኖርባት ቀጭን የዳርቻ መስመር ደግሞ እኛም የምንፈልጋት ናት። ወደብ፣ ሪዞርት፣ ሰው ሠራሽ ደሴት፣ ሁሉም የሚሠራው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነው። የጁሜራው ፓልም የሚባለው ሰው ሠራሽ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር አሸዋው የተጠረገው ከባሕረ ሰላጤው ወለል ነው። ከዚያ ፈጣን ጀልባና ጄትስኪ አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግን መረብ ነው። አጥማጁ እነሱን ብሎ አይጥልም። እነሱ ግን አየር ለመውሰድ መውጣት አለባቸው። ተጠላልፈው ከሥር ከቀሩ በደቂቃዎች ያልቃል።

ጥሩም ዜና አለ። አቡዳቢ ውስጥ መራዋሕ የሚባለው የባሕር ጥብቅ ስፍራ ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ዱጎንግ የሚባሉት የባሕር ሣር የሚግጡ አጥቢዎችም እዚያ ናቸው፣ 3,000 ገደማ። ከአውስትራሊያ ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ስብስብ ነው። ለእነሱ ተብሎ የተጠበቀው የባሕር ሣር ለዶልፊኖቹም ይተርፋል።

አንተ ደግሞ ያን የጀርባ ፎቶ አታጥፋው። ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት ክንፉ ጠርዝ ላይ ባለው ቁራጭና ጠባሳ ነው። የእያንዳንዱ ይለያያል። ቀኑንና ቦታውን ጽፈህ ለኤጀንሲው ላከው።

እሙ_ናቲ_ሻርጃ | ሐሙስ ጠዋት

እኔ ግን ሻርጃ ነኝ፣ ኦማን ድረስ ቪዛ ምናምን አልችልም። ቅርብ ነገር የለም?

ሊድያ_ባሕር | ሐሙስ ጠዋት

አንቺማ ዕድለኛ ነሽ። ሻርጃ በሁለቱም ባሕር ላይ መሬት አላት። ኾር ፈካንና ካልባ የሻርጃ ናቸው፣ በተራራው ዋሻ መንገድ ብዙ አይርቅም። ከኾር ፈካን ወደብ ጀልባ የሚያወጡ አሉ። ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ለልጅ ይመቻል። ሸማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የሚነፍስ ከሆነ የባሕረ ሰላጤው ወገን ላይ አትውጡ፤ ማዕበሉ ዶልፊን ቢኖር እንኳ አያሳይሽም። ሳንድዊችና የማቅለሽለሽ ክኒን አትርሺ። ለዶልፊን ዳቦ አይወረወርም፣ ይህን ለናቲ ቀድመሽ ንገሪው።

አወያይ | ሐሙስ ቀትር

የአስጎብኚ ስልክ ቁጥርና ማስታወቂያ እዚህ አትለጥፉ፣ በውስጥ መስመር ተላላኩ። አራት መልእክት አጥፍቻለሁ። የቢኒን የጥብስ ቀልድም ጨምሬ።

ካሌብ_ፉጃይራ | ዓርብ ጠዋት

ሊድያ አለሽ? አሁን ካልባ ዳርቻ ላይ ነኝ። አንድ የሞተ ዶልፊን ማዕበሉ አውጥቶታል። ጭራው ላይ መረብ ተጠምጥሟል። ሰው ተሰብስቦ ፎቶ እያነሳ ነው፤ አንዱ ልጁን ሊያስቀምጥበት ነበር፣ ከለከልኩት። ጎኑ ላይ ወደ ቢጫ የሚሄድ ነገር አለ። ምን ላድርግ?

ሊድያ_ባሕር | ዓርብ ጠዋት

አለሁ። በባዶ እጅ ማንም አይንካው፣ በሽታ ሊኖር ይችላል። ለማዘጋጃ ቤቱ ወይም ለአካባቢ ጥበቃው ደውል። እስኪመጡ ጎኑን በሙሉ፣ ክንፉን፣ ጭንቅላቱን፣ መረቡ የያዘበትን ቦታ አንሳ። ርዝመቱን ከአፉ ጫፍ ጭራው መሀል ላይ እስካለው ስንጥቅ ድረስ በቀጥታ ለካ፤ በገላው ላይ አታዙር። ከጎኑ ጫማ ወይም ጠርሙስ አስቀምጥ፣ መጠኑ ፎቶው ላይ እንዲታወቅ። ቢጫው ከፊት፣ ግራጫው ከኋላ ከሆነ ኮመን ዶልፊን ነው።

ለሌሎቻችሁም፦ በሕይወት ያለ ካገኛችሁ መልሳችሁ ወደ ባሕር አትግፉት። ጨርቅ አርጥባችሁ አልብሱት፣ ጥላ አድርጉለት፣ አናቱ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ግን አትሸፍኑ፣ ውኃም አታፍስሱባት። በጭራው አትጎትቱ። ሰዉን ጸጥ አሰኙና ባለሙያ ጥሩ።

ካሌብ_ፉጃይራ | ዓርብ ከሰዓት

መጥተው ወሰዱት። 2 ሜትር ከ10 ነው፣ አንድ ግብፃዊ ሜትር ነበረው። ቢጫው ከፊት ነው እንዳልሽው። ፎቶዎቹን በውስጥ ልኬልሻለሁ። መረቡን ቆርጠው እዚሁ ትተውት ሄዱ፣ አረንጓዴ ናይሎን ነው። ምን ላድርገው?

ሊድያ_ባሕር | ዓርብ ከሰዓት

ደርሶኛል፣ ኮመን ዶልፊን ነው፤ ጥርሱ ስላልተበላ ብዙ ያረጀ አይመስልም። መረቡን እንዳለ አትጣለው። ቆራርጠህ፣ ከረጢት ውስጥ አስረህ፣ ክዳን ያለው ገንዳ ውስጥ ክተተው። ዳርቻ ላይ ያለው ክፍት ገንዳ ውስጥ ከጣልከው ነፋሱ ማታውኑ ወደ ባሕር ይመልሰዋል።